ከባሕር ወለል እስከ ሚኒስትር ወንበር፦ ሃይደር ኤል አሊና የሴኔጋል ማንግሮቭ

የአብዛኞቹ ዕፀዋት ዘር የሚበቅለው ከእናቱ ተለይቶ አፈር ከነካ በኋላ ነው። ማንግሮቭ በሚባሉት፣ በጨዋማ ውኃ ዳር በሚያድጉት ዛፎች ዘንድ ግን ነገሩ ይለያል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ራይዞፎራ ዘሩን ገና ቅርንጫፉ ላይ ሳለ ያበቅለዋል። ዘሩ ቀስ በቀስ ወደ ታች እየረዘመ ስንዝር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ርዝማኔ ያለው፣ እንደ ጦር የሾለ አረንጓዴ ቡቃያ ይሆናል። ጊዜው ሲደርስ ይላቀቅና ከሥሩ ባለው ጭቃ ላይ ይሰካል፤ ውኃ ሞልቶ ካገኘውም ለሳምንታት ተንሳፎ ሌላ ቦታ ያርፋል። እንግዲህ ይህን ቡቃያ ከዛፉ ለቅሞ ጭቃ ውስጥ መሰካት ልዩ ችሎታም ሆነ የችግኝ ጣቢያ አይጠይቅም። ተማሪም፣ ገበሬም፣ አረጋዊም ሊሠራው ይችላል።

በ2006 በደቡባዊ ሴኔጋል በካዛማንስ ወንዝ አቅራቢያ በምትገኘው ቶቦር በምትባል መንደር ይህ ሥራ ተጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራውን ያስተባበሩት ሰው ከዚያ በፊት ረጅም ዘመን ያሳለፉት ጭቃ ላይ ሳይሆን ከባሕር ወለል በታች ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ የአገራቸው የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሆኑ። ተፈጥሮን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ከሚነበብ ዘገባ ሳይሆን በዓይኑ ተመልክቶ ያወቀ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ምን ሊሠራ ይችላል? ምንስ ያቅተዋል? የአቶ ሃይደር ኤል አሊን የሥራ ዘመን የምንከታተለው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው።

ጠላቂው

አቶ ሃይደር በ1953 በሰሜን ምዕራብ ሴኔጋል በምትገኘው ሉጋ ከተማ ከሊባኖሳዊ ትውልድ ቤተሰብ ተወለዱ። በምዕራብ አፍሪካ የሊባኖስ ተወላጆች በአብዛኛው የሚታወቁት በንግድ ነው፤ እርሳቸው ግን መጥለቅን መረጡ። በዳካር የሚገኘውንና ኦሴያኒዩም የተሰኘውን፣ ውኃ ውስጥ መጥለቅን ከባሕር ጥበቃ ጋር አጣምሮ የያዘውን ማኅበርም ለረጅም ጊዜ መርተዋል።

ለመሆኑ ጠላቂ የሚያየው፣ የዓሣ ስታትስቲክስ የማያሳየው ነገር ምንድን ነው? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሴኔጋላውያን ቲዮፍ እያሉ የሚጠሩትና ለብሔራዊ ምግባቸው እጅግ የሚወዱት ትልቅ ዓሣ አለ። ይህ ዓሣ ሲወለድ እንስት ነው፤ ዕድሜው ሲገፋና አካሉ ሲገዝፍ ወደ ተባዕትነት ይለወጣል። አጥማጁ ትልልቆቹን እየመረጠ ሲያወጣ እንግዲህ ሳያውቀው ተባዕቶቹን ነጥሎ እያጠፋ ነው። ወደብ ላይ በሚዛን የተመዘነው ዓሣ ለጥቂት ዓመታት ያን ያህል የቀነሰ ላይመስል ይችላል። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ግን ትልልቆቹ ዓሦች ይኖሩበት የነበረው የድንጋይ ዋሻ ባዶ መሆኑን ወዲያውኑ ይመለከታል።

አቶ ሃይደርና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ከውኃ በታች በካሜራ እየቀረጹ ወደ ዓሣ አጥማጆች መንደሮች ወሰዱት። ማታ ማታ ሸራ ተወጥሮ ፊልም ይታያል፤ ከዚያም ክርክር ይከፈታል። በፈንጂ ማጥመድ በአንድ ጊዜ ትልቁንም ጫጩቱንም እንዴት እንደሚፈጅ፣ የማይበሰብስ የናይሎን መረብ ባሕር ውስጥ ከጠፋ በኋላም ዓሣ መግደሉን እንዴት እንደሚቀጥል አጥማጁ ራሱ ያያል። እንዲህ ዓይነቱ የናይሎን መረብ ሴኔጋል ውስጥ በ1998ቱ የዓሣ ማጥመድ ሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በገበያ ሲሸጥ ኖሯል። የታተመ ሕግና የተከበረ ሕግ አንድ አለመሆናቸውን አቶ ሃይደር ሚኒስትር ከመሆናቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በመስከረም 26 ቀን 2002 ከካዛማንስ ዋና ከተማ ከዚጊንሾር ወደ ዳካር ትጓዝ የነበረችው ጆላ የተባለች መርከብ በጋምቢያ ጠረፍ አቅራቢያ ተገለበጠች። መርከቧ የተሠራችው 580 ለሚያህሉ ሰዎች ነበር፤ የሞቱት ግን ከ1800 በላይ ናቸው። በሕይወት የተረፉት 64 ብቻ ነበሩ። አቶ ሃይደርም አስከሬን ለማውጣት ወደ ተገለበጠችው መርከብ ከጠለቁት ሰዎች አንዱ ሆኑ። አደጋው ከማንግሮቭ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ካዛማንስ ከቀሪው የሴኔጋል ክፍል በጋምቢያ ግዛት የተነጠለች፣ ከ1982 ጀምሮም የትጥቅ ግጭት የኖረባት ምድር ናት። ወደ ዋና ከተማው የሚወስደው መንገድ አስቸጋሪ በመሆኑ ሕዝቡ ያቺን መርከብ ተማምኖ ይኖር ነበር። በኋላ አቶ ሃይደር ችግኝ ይዘው የሄዱት ወደዚህች፣ ከመንግሥት ርቃ እንደኖረች ወደሚሰማት ምድር ነው።

ከችግኙ በፊት ግን ሌላ ሥራ ነበር። በሳሉም ወንዝ ደለል ውስጥ ባምቡንግ የተባለ የውኃ ገባር አለ። የአካባቢው መንደሮች ከኦሴያኒዩም ጋር ተስማምተው ማጥመድ እንዲቆምበት አደረጉ፤ በ2004ም መንግሥት የተጠበቀ የባሕር ክልል ብሎ ደነገገው። ጠባቂዎቹ የመንደሮቹ ነዋሪዎች ናቸው፤ ወጪው የሚሸፈነውም በአብዛኛው እዚያው ከተሠራ የእንግዶች ማረፊያ በሚገኝ ገቢ እንዲሆን ታሰበ። ከክልከላው በፊትና በኋላ በተደረገ የዓሣ ናሙና ጥናት ሌሎች ዓሦችን የሚበሉ ትልልቅ ዝርያዎች ወደ ገባሩ መመለሳቸው ታይቷል። በሥነ ምኅዳር ሳይንስ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ በሊታው የሚመለሰው ተበይው ሲበዛ ነውና።

ጨውና አሲድ

ወደ ካዛማንስ እንመለስ። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ውኃው ወደ ባሕሩ ሲቀርብ ጨዋማ፣ ወደ ምንጩ ሲርቅ ጨው አልባ እየሆነ ይሄዳል ብለን እንጠብቃለን። የካዛማንስ ወንዝ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መሬቱ እጅግ ለጥ ያለ በመሆኑ የባሕሩ ውኃ ሲሞላ ተጽዕኖው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዝናቡ ሲያንስ ከላይ የሚመጣው ጨው አልባ ውኃ ጨዉን ገፍቶ ማውጣት ይሳነዋል፤ ፀሐይዋም ውኃውን ታተነዋለች። ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር ጨዋማነቱ ይጨምራል።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ ሳህልን የመታው ድርቅ ይህን ሁኔታ ወደ ጥፋት አደረሰው። ተራ የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በላይኛው ካዛማንስ የተለካው ከ150 ግራም በላይ ነበር፤ ከባሕሩ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ማንግሮቭ ጨው ይችላል ሲባል ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ራይዞፎራ አብዛኛውን ጨው ከሥሩ ላይ አጣርቶ ያስቀራል። አቪሴኒያ የተባለው ሌላው ዝርያ ደግሞ ያስገባውን ጨው በቅጠሉ ላይ ባሉ ዕጢዎች ያስወጣል፤ ቅጠሉን የላሰ ሰው ጨውነቱን ይቀምሳል። ከሁለቱ አቪሴኒያ የበለጠ ጨው ይታገሣል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ድርቅ ወቅት ሁለቱም በሰፊው ደረቁ።

ከጨው የባሰው አሲዱ ነው። የማንግሮቭ ጭቃ ኦክሲጅን አልባ ነው። እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በባሕር ውኃ ውስጥ ያለውን ሰልፌት ይለውጡትና ሰልፈሩ ከብረት ጋር ተዋሕዶ ፓይራይት የተባለ ማዕድን ይሆናል። ጭቃው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ፓይራይቱ ተኝቶ ይኖራል። ጭቃው ሲደርቅና አየር ሲገባው ግን ፓይራይቱ ከኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ውጤቱም ሰልፈሪክ አሲድ ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ4 በታች ይወርዳል፤ ሩዝም አረምም የማያበቅል መሬት ይሆናል። የካዛማንስ የጆላ ሕዝብ ለዘመናት ማንግሮቩን እየመነጠረና በጭቃ ግድብ እየከበበ ሩዝ ያመርት ስለነበር ጨዉን በዝናብ ውኃ አጥቦ ማስወጣት የዕለት ተዕለት ዕውቀቱ ነው። ዝናቡ ሲጠፋ ዕውቀቱ ብቻውን አልበቃም። በተጨማሪም ጨው ለመከላከል ተብለው የተሠሩ ግድቦችና ውኃ ማስተላለፊያ በበቂ ያልተዘጋጀላቸው መንገዶች የባሕሩን ውኃ መመላለሻ ዘግተው ጭቃውን አደረቁት። ሴኔጋል ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩብ ያህል ማንግሮቯን እንዳጣች ይገመታል።

የጠፋው ዛፍ ብቻ አልነበረም። በራይዞፎራ ሥሮች ላይ ኦይስተር የተባለው ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ተጣብቆ ያድጋል፤ እርሱን ለቅሞ መሸጥ የሴቶች ሥራ ነው። የዓሣ ጫጩቶችም የሚሸሸጉት በእነዚያ ሥሮች መካከል ነው።

79 ሚሊዮን ቡቃያ

በቶቦር የተጀመረው ተከላ በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ። በዝናቡ ወራት ውኃው ጨዉ ሲቀንስለት መንደርተኛው ቡቃያውን ይለቅማል፤ በማግስቱ በረድፍ ቆሞ እያጎነበሰ ጭቃ ውስጥ ይሰካል። የፈረንሳዩ የምግብ ኩባንያ ዳኖን፣ ቀጥሎም በ2011 ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር የተቋቋመው የካርቦን ፈንድ ገንዘቡን ሰጡ። እስከ 2012 ድረስ በካዛማንስና በሳሉም በመቶዎች በሚቆጠሩ መንደሮች 79 ሚሊዮን ያህል ቡቃያ በ10000 ሄክታር ገደማ ላይ መተከሉ ተገለጸ።

ኩባንያዎች ለጭቃ ለምን ገንዘብ ያወጣሉ? ኦክሲጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ የወደቀ ቅጠልና ሥር ቶሎ አይበሰብስም። ከአየር የተወሰደው ካርቦን ለዘመናት እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ የማንግሮቭ ደን በስፋቱ ልክ ሲታይ ካርቦን በማከማቸት ከምድር ደኖች ግንባር ቀደም ነው። ገንዘብ የሰጡት ኩባንያዎች በልዋጩ የካርቦን ምስክር ወረቀት ይቀበላሉ፤ ያንንም ከራሳቸው ብክለት ላይ ይቀንሱበታል።

እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን በሚገባ የምናውቀው አንድ ቃል ይመጣል፦ ጽድቀት። የተተከለውና የጸደቀው አንድ አይደሉም። ዘመቻው ከፍ ያለ ሙገሳ እንዳገኘ ሁሉ ከተመራማሪዎች ብርቱ ትችትም ገጥሞታል። የተተከለው በአብዛኛው ራይዞፎራ ብቻ ነው፤ ጨው የበዛበት ዳርቻ ግን ይበልጥ የሚስማማው ለአቪሴኒያ ነው። ውኃ ሲጎድል የሚገለጠው ባዶ ጭቃም በእርግጥ ባዶ አይደለም፤ ሴቶች ቅርፊት ለባሽ የባሕር እንስሳት የሚለቅሙበት፣ ወፎች የሚመገቡበት ስፍራ ነው። በዚያ ላይ የተሸጠው የካርቦን መብት የማን ነው? የተከለው መንደርተኛ በውሉ ላይ ምን ድምፅ ነበረው? ከሁሉ የሚከብደው ግን የሳተላይት ምስሎች የሚያሳዩት ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዝናቡ ሲሻሻል ማንግሮቩ ማንም ባልተከለበት ቦታም በሰፊው እየተመለሰ ነበር። ስለዚህ አሁን ከሚታየው አረንጓዴ ምን ያህሉ የሰው እጅ፣ ምን ያህሉ የዝናቡ ሥራ መሆኑን መለየት ቀላል አይደለም።

በእኛ አመለካከት ትችቱ ትክክል ነው፤ ሥራውን ግን ከንቱ አያደርገውም። ሰዎች ለሦስትና ለአራት የክረምት ወራት ጭቃ ውስጥ የቆሙት ለፈንዱ ብለው አልነበረም፤ የሩዝ ማሳቸው ወደ አሲድነት ሲለወጥ አይተዋልና። ተከላው ያስፋፋው ያንን የጋራ ጉዳይ የመነጋገር ልማድ ነው፤ ይህ ደግሞ በሳተላይት አይለካም።

ወንበሩ

አቶ ሃይደር የሴኔጋል አረንጓዴ ፓርቲ መሪም ነበሩ። በ2012 ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ሲመረጡ በመጀመሪያው ካቢኔ የሥነ ምኅዳርና የተፈጥሮ ጥበቃ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። አንባቢ ምናልባት ከዚህ በኋላ የሚቀጥለው የድል ታሪክ ነው ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በዚያ መሥሪያ ቤት የቆዩት እስከ መስከረም 2013 ብቻ ነው። አንድ የራይዞፎራ ቡቃያ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ቅጠል ያወጣ እንደሆነ ነው።

ከጊዜው ማጠር ይልቅ የሚያስተውለን የሥልጣን አከፋፈሉ ነው። ደኑ በእርሳቸው መሥሪያ ቤት ሥር ነበር። ዓሣው በሌላ ሚኒስቴር፣ ማንግሮቩን የሚያደርቀው መንገድ በሦስተኛ፣ የሩዙ ግድብ በአራተኛ፣ የእንጨቱ ንግድ ደግሞ በጉምሩክ እጅ ነው። በጭቃው ላይ እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ናቸው፤ በቢሮ ግን አይገናኙም። በአብዛኞቹ አገሮች የአካባቢ ሚኒስትር የሚሰማው ጉዳቱ ሌላ ቦታ ከተወሰነ በኋላ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በመስከረም 2013 አቶ ሃይደር ወደ ዓሣ ሀብትና የባሕር ጉዳዮች ሚኒስቴር ተዛወሩ። ለጠላቂው ይህ ወንበር ይበልጥ ይስማማው ነበር፤ የሥልጣናቸው ጉልበት በግልጽ የታየውም እዚህ ነው። በሴኔጋል ጠረፍ ነፋሱ የላይኛውን ውኃ ወደ ውጭ ሲገፋው ከጥልቁ ቀዝቃዛና ንጥረ ምግብ የሞላበት ውኃ ይወጣል። ይህም ጥቃቅን ተክሎችን፣ እነርሱም ሳርዲኔላ የተባሉትን ትናንሽ ዓሦች ይመግባሉ። ሳርዲኔላ የድሃው ሕዝብ ዋና የሥጋ ምትክ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጡ ግዙፍ መርከቦች ይህንኑ ዓሣ በመቶ ቶኖች እየጎተቱ ያወጡት ነበር፤ መንግሥት በ2012 የ29 መርከቦችን ፈቃድ ሰርዞ ነበር።

በጥር 2014 ኦሌግ ናይዴኖቭ የተባለች የሩሲያ መርከብ በደቡብ ጠረፍ አቅራቢያ ያለ ፈቃድ ስታጠምድ ተይዛለች ተብላ በሴኔጋል ባሕር ኃይል ወደ ዳካር ተወሰደች። ሩሲያ ጠንከር ያለ ተቃውሞ አሰማች፤ የመርከቧ ባለቤቶችም ጥፋቱን አላመኑም። ሚኒስትሩ ግን አልተመለሱም። መርከቧ የተለቀቀችው ሳምንታት ካለፉ በኋላ 600 ሚሊዮን የሴፋ ፍራንክ፣ ማለትም ከ900000 ዩሮ በላይ፣ ተከፍሎ ነው። በሚያዝያ 2015 ይህችው መርከብ በካናሪ ደሴቶች በላስ ፓልማስ ወደብ ተቃጠለች፤ ወደ ክፍት ባሕር ተጎትታም ከነነዳጇ ሰጠመች፤ ዘይቷም የደሴቶቹን ዳርቻ በከለ። በዚያው ዓመት ሴኔጋል ባወጣችው አዲስ የዓሣ ማጥመድ ሕግ ቅጣቱ እስከ አንድ ቢሊዮን ፍራንክ ከፍ አለ። አቶ ሃይደር በዚያን ጊዜ ሚኒስትር አልነበሩም። በሐምሌ 2014 ካቢኔው ሲለወጥ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር።

ድንበር የማያግደው እንጨት

ከሥልጣን የወረዱት ሰው ዝም አላሉም። በግንቦት 2016 ዳካር ውስጥ ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ ከካዛማንስ ደን እየተቆረጠ በጋምቢያ በኩል ወደ ቻይና የሚጫነውን ቀይ እንጨት በምስል አስደግፈው አሳዩ። ከ2010 ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዛፍ መቆረጡንም ተናገሩ። ዛፉ በሳይንሳዊ ስሙ ቴሮካርፐስ ኤሪናሲየስ የሚባለው ሲሆን፣ በቻይና ለባህላዊ ውድ የቤት ዕቃዎች ይፈለጋል። በዝግታ የሚያድግ የደረቅ ሣቫና ዛፍ ነው፤ እንደ ማንግሮቭ ቡቃያ በአንድ ክረምት በሚሊዮን የሚሰካ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚኒስትር ፊርማ ወሰን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሴኔጋል በራሷ ግዛት መቁረጥን ብትከለክልም እንጨቱ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ የጋምቢያ ምርት ተብሎ ይጫናል፤ ጋምቢያ ራሷ ግን ይህን ዛፍ ከሞላ ጎደል ጨርሳለች። መፍትሔው ዓለም አቀፍ መሆን ነበረበት። በ2016 ሴኔጋል ዛፉን በአደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ሦስተኛ ዝርዝር ውስጥ አስገባችው፤ በዚያው ዓመት በጆሃንስበርግ በተደረገው ጉባኤ ወደ ሁለተኛው ዝርዝር ከፍ አለ፤ ይህም ከጥር 2017 ጀምሮ ጸና። ንግዱ ግን ቀጠለ። በመጨረሻም በ2022 ዛፉ ከሚበቅልባቸው አገሮች ሁሉ ንግዱ እንዲታገድ የስምምነቱ አካል ወሰነ።

አቶ ሃይደር ከዚያ በኋላ የሴኔጋልን የደን ተከላና የታላቁ አረንጓዴ ግንብ መሥሪያ ቤት ለተወሰነ ጊዜ መርተዋል። ይህ ግንብ በ2007 በአፍሪካ ኅብረት የጸደቀ፣ ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ 8000 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ እቅድ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ11ዱ መሥራች አገሮች አንዷ ናት። መጀመሪያ የታሰበው 15 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ያልተቋረጠ የዛፍ ቀበቶ ነበር። ዝናቡ በማይፈቅድበት ቦታ ዛፍ በመስመር መደርደር እንደማይቻል ሲታወቅ ግን ሐሳቡ የታጠሩ መሬቶችን፣ የግጦሽ ቦታዎችንና የመንደር አትክልት ስፍራዎችን ወደሚያቅፍ ዥንጉርጉር ሥራ ተለወጠ። በሰሜን ሴኔጋል በፌርሎ ምድር የሚተከሉት በደኖና ሙጫ የሚሰጠው ግራር ናቸው፤ ሁለቱም በእኛም ቆላማ አካባቢዎች የሚገኙ ዛፎች ናቸው። አጥሩ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከብቶችን ያግዳል፤ በዚህ መካከል ሣሩ ራሱ ያድጋል፤ አርብቶ አደሩም በደረቁ ወቅት እያጨደ ይወስደዋል።